አልበቅል ያለው የግራር ዘር እንዴት እንደበቀለ

በላንጋኖ ሐይቅ አካባቢ ለተራቆተ መሬት ችግኝ ለማፍላት የዘራነው የግራር ዘር፣ ውኃ ሳይጓደልበት ሳምንታት አልፈውም አልበቀለም ነበር። አፈሩን ገልጬ ሳየው ከፊሉ እንደተዘራ ጠንክሮና አብረቅርቆ ተቀምጧል፤ የቀረው ደግሞ ነቀዝ ቀዶ የወጣበት ክብ ቀዳዳ ያለው ባዶ ቅርፊት ነው።

መፍትሔውን ያገኘሁት ከፍየሎች በረት ነው። ፍየል የግራር ፍሬ ስትበላ አንዳንዱ ዘር ሳይፈጭ ከበጠጠር ጋር ይወጣል፤ በሆዷ ሲያልፍ ውኃ የማያስገባው ቅርፊቱ ሊሳሳ፣ ገና ያላደገው የነቀዝ እጭም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ከበጠጠሩ ጤነኛውን ዘር ለቀምኩ። ከዛፍ በተሰበሰበው ላይ ደግሞ ቀዳዳ ያለውንና ውኃ ላይ የተንሳፈፈውን አስወግጄ፣ ፈልቶ ከእሳት የወረደ ውኃ አፍስሼበት እስኪነጋ ዘፈዘፍኩት፤ ያላበጠውን ከእምብርቱ (ከፍሬው ጋር ተያይዞ ከነበረበት ነጥብ) በተቃራኒ በኩል ቅርፊቱን በጥፍር መቁረጫ በጥቂቱ ቆረጥኩት።

አብዛኛው በቀለ። የግራር ዋና ሥር ወደ ታች የሚፈጥን በመሆኑ ረዘም ያለ የፕላስቲክ ከረጢት መረጥኩ፤ አፈሩ ላይም ከአሮጌ ግራር ሥር የተወሰደ አፈር ቀላቀልኩበት። በኋላ በችግኙ ሥር ላይ ያሉትን ጥቃቅን እባጮች ስሰነጥቃቸው ውስጣቸው ሮዝ ሆኖ አገኘሁት፤ ይህም በእባጮቹ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅን ከአየር እየወሰዱ ለችግኙ ማቅረብ መጀመራቸውን ያሳያል።