ስለ ዝምተኛ ጀግንነት የተገጠመ ግጥም እንዴት ይተረጎማል?

በፉከራና በቀረርቶ ጀግናው ስሙን ጠርቶ ሥራውን ይዘረዝራል። በሆድ የተያዘ ጀግንነትን የሚናገር ግጥም ግን ጀግንነት የሚለውን ቃል ጨርሶ ላያነሣ ይችላል፤ ስለዚህ አንባቢው ሴትየዋ ወይም ሰውየው ምን እንዳደረጉና ምን ሳይናገሩ እንዳለፉ መከታተል ይኖርበታል። አካሄዱን ለማሳየት በጅማ ከአንድ ቤት የቡና ማለዳ ተነሥቼ ለዚሁ ጽሑፍ የገጠምኳቸው አራት ስንኞች እነሆ፦

ንጋት ላይ ተነሥታ፥ ቄጠማ ጎዝጉዛ፣
ጎረቤቷን ጠራች፥ ጀበናዋን ይዛ።
አንዱ ሲኒ ቀረ፥ ባለቤቱ የለ፣
ጭሱ ነው አለችን፥ ሁሉን ሆዷ ቻለ።

በመጀመሪያ ግጥሙን ድምፅዎን አሰምተው ያንብቡት። ስንኞቹ በወል ቤት የተገጠሙ በመሆናቸው እያንዳንዳቸው 6 ቀለም (በአንድ ጊዜ የሚነገር የቃል ክፋይ) ባላቸው 2 ሐረጎች ይከፈላሉ፤ በመካከሉ ትንፋሽ ይወሰዳል። በመጨረሻው ስንኝ ይህ ትንፋሽ የሚያርፈው ሴትየዋ በአፏ በተናገረችውና በሆዷ በያዘችው መካከል ነው።

ቀጥሎ ሰሙን፣ ማለትም ግልጽ ሆኖ የሚታየውን ትርጉም፣ በተራ አነጋገር ለራስዎ ይንገሩ፦ አንዲት ሴት ቄጠማ ጎዘጎዘች፣ ጎረቤት ጠራች፣ አንድ ሲኒ ሳይነሣ ቀረ፣ ዐይኗ ለምን እንዳነባ ሲጠይቋት በጭሱ አመካኘች። ለጅማ ሰው ከባዱ ደረጃ ይህ ይመስለኛል፤ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት መጠራቱ የዕለት ተዕለት ነገር ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስንኞች እንደ ማጀቢያ ቆጥሮ ወደ እንባው መሮጥ ይቀናዋል። እያንዳንዱን ዕቃ «ለምን እዚህ ተገኘ?» ብለው ይጠይቁ። ቄጠማ የሚጎዘጎዘው ለበዓልና ለእንግዳ ነው፤ ያዘነ ሰው በገዛ እጁ ጎዝጉዞ ጎረቤት ከጠራ፣ ቡና አጣጪ የጎደለበትን ቤት እንደገና ለሰው ሊከፍት ቆርጧል ማለት ነው። በእኔ ንባብ የግጥሙ ጀግንነት ያለው እንባውን ከመዋጧ ይልቅ በዚህ ቄጠማ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ትርጉም የሚሸከሙትን ቃላት ይፈልጉ። «ባለቤቱ» በሰሙ የሲኒው ባለቤት ሲሆን በወርቁ፣ ማለትም በተሰወረው ትርጉም፣ ግን የትዳር አጋርን ይጠራል። «ቻለ» ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ትኩረት የሚገባው ቃል ነው፤ አማርኛ አቅም ማግኘትንና መከራን ተሸክሞ መቆየትን በአንድ ግስ ይናገራል፤ ሴትየዋ ቻለች ስንል ታገሠች ማለታችንም፣ ኃይል ነበራት ማለታችንም ነው። ከሁለቱ አንዱን መርጦ ሌላውን የሚጥል ትርጓሜ ስንኙን ያጎድለዋል። «ሆድ»ም እንዲሁ የአካል ክፍልም የስሜት ማደሪያም ነው። ጅማ ውስጥ ግጥሙን አፋን ኦሮሞ ከሚናገር ወዳጅ ጋር ማንበብ እዚህ ላይ ይረዳል፤ በአፋን ኦሮሞም «ገራ» የሚለው ቃል ሆድንም የውስጥን ስሜትም ስለሚገልጽ፣ ወዳጅዎ ስንኙን ወደ ራሱ ቋንቋ ሲመልሰው እርስዎ በልማድ ያለፉትን ሊያይልዎ ይችላል።

ተናጋሪውንም መለየት ያስፈልጋል። «አለች» ሳይሆን «አለችን» መባሉ፣ የሚተርክልን ሰው ከተጠሩት ጎረቤቶች አንዱ መሆኑን ያስረዳል። ጭሱ ምክንያት እንዳልሆነ ያውቃል፤ ሆኖም በቡናው ላይ አልተከራከራትም። ዝምታው የእርሷ ብቻ አይደለም፤ አብረው የተቀመጡትም ጠብቀውላታል።

በመጨረሻ ትርጓሜዎን በሦስት ወይም በአራት ዐረፍተ ነገር ይጻፉና እያንዳንዱ ሐሳብ በየትኛው ቃል እንደሚደገፍ ጎኑ ላይ ያመልክቱ፤ የሚደግፈው ቃል የሌለውን ይሰርዙት። ለምሳሌ ባልየው ይሙት፣ ይሰደድ፣ ወይም ትቷት ይሂድ ግጥሙ አልተናገረም። የተናገረው «የለ» ብቻ ስለሆነ በትርጓሜዎም ውስጥ ሲኒው ባዶ ሆኖ ይቆይ።