ሰምሊኪ፦ ደኑንና ፍል ውሃውን ለመጎብኘት

ምዕራብ ዩጋንዳ የሚገኘው ሰምሊኪ ብሔራዊ ፓርክ የኮንጎው የኢቱሪ ደን ቅጥያ ነው። ከፎርት ፖርታል ከተማ ተነስተው በፓርኩ ሴምፓያ በር ላይ አስጎብኚ ይያዙ። ጥርና የካቲት ደረቅ ናቸው፤ በዝናብ ወራት መንገዱ ስለሚጨቀይ የጎማ ቦት ጫማ የግድ ነው። ቢጫ ወባ ክትባት አስቀድመው ይውሰዱ።

ወፎችንና ጦጣዎችን ለማየት ማለዳ ይግቡ፤ ፀሐይ ሲበረታ ይደበቃሉ።

ፍል ውሃው ሁለት ነው፤ «ሴቷ» የሚባለው ለበሩ ቅርብ፣ «ወንዱ» የሚባለው ደግሞ በደን ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል የእግር መንገድ። የሚፈላ ውሃ ስለሆነ መታጠብ አይሞከርም። ከእንጨት መተላለፊያው በፍጹም አይውረዱ፦ ጠንካራ የሚመስለው የጨው ቅርፊት ስስ ነው፤ ከተሰበረ እግር ይቀቀላል። እንቁላል ይዘው ይሂዱ፤ አስጎብኚው በተፈቀደው ቦታ በ10 ደቂቃ ያህል ይቀቅልልዎታል።