የፈሰሰ ነገርን ማንሣትና ወለልን መወልወል

ወለል ላይ አንድ ነገር ሲፈስ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያነሣው መወልወያውን ነው። መወልወያ ግን የሚጠቅመው ወለሉ ላይ የቀረውን ስስ እድፍ ለማንሣት እንጂ የተጠራቀመ ፈሳሽ ለመሸከም ስላልሆነ፣ አንድ ጥግ ላይ የነበረውን ዘይት ወይም ወተት ክፍሉን ሁሉ ያዳርሰዋል። ስለዚህ የፈሰሰውን መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ከዳር ወደ መሀል እየሰበሰቡ መምጠጥ፣ ከዚያ በኋላ መወልወል ይገባል።

ከሁሉም የሚያስቸግረው የምግብ ዘይት ነው። ውኃ ከተደፋበት ይንሳፈፍና ይሰፋል፤ በመሆኑም ሰጋቱራ ወይም የበረደ አመድ ነስንሶ፣ ዘይቱን እስኪመጠው ጥቂት ደቂቃ ታግሦ በማፈሻ ማንሣት ይሻላል። የቀረውን ቅባት ላርጎ ያለበት ሙቅ ውኃ ያስለቅቀዋል። ቦታውን በንጹሕ ውኃ ደግሞ መወልወል ግን አይቀርም፤ ሳሙናው ራሱ ወለሉ ላይ ከደረቀ፣ በኋላ ትንሽ ውኃ ሲነካው እንደ ዘይቱ ያንሸራትታልና። ነጭ ጋዝ ወይም ቤንዚን ከፈሰሰ አቅራቢያ ያለውን እሳት አጥፍቶ መስኮት መክፈት ይቀድማል፤ የመብራት ማብሪያ ማጥፊያም አይነካም። ብርጭቆ ከተሰበረ ስብርባሪው በእጅ አይለቀምም።

ደም ወይም ትውከት ሲሆን ጓንት አድርጎ በሚጣል ወረቀት ወይም ጨርቅ ካነሡና ቦታውን በሳሙና ካጠቡ በኋላ፣ 5 በመቶ ጥንካሬ ያለውን በረኪና 1 እጅ ከ9 እጅ ቀዝቃዛ ውኃ ጋር አዋሕዶ ቦታው ላይ ለ10 ደቂቃ ማቆየት ያስፈልጋል። በረኪና ቆሻሻ ላይ በቀጥታ ሲፈስ ኃይሉ ስለሚደክም ማጠቡን መዝለል አይገባም። በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር መቀላቀል ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል፤ ሽታ እንዲያምር ወይም ቶሎ እንዲያነጻ እየተባለ የሚደረገው ይህ ድብልቅ ፈጽሞ ሊቀር ይገባል።

ለመደበኛው ውልወላ ወለሉ አስቀድሞ ይጠረግ። ሁለት ባልዲ ይዘጋጅ፤ አንዱ ሳሙና ያለበት፣ ሌላው መወልወያው የሚታጠብበት ንጹሕ ውኃ ይሁን። በአንድ ባልዲ ብቻ ሲሠራ ከሳሎን የተነሣው ጭቃ ተመልሶ መኝታ ቤት ይቀባል፤ ወለሉ ሲደርቅ የሚታየው ግራጫ ሽንትርም የዚህ ውጤት ነው። መወልወያው መንጠባጠቡን እስኪያቆም ተጨምቆ፣ ከሩቁ ግድግዳ ወደ በሩ እያፈገፈጉ ይወልወላል። ፓርኬ ላይ ውኃ ማብዛት፣ በእንጨቶቹ መጋጠሚያ ገብቶ ስለሚያሳብጣቸውና ስለሚነቅላቸው፣ ለሴራሚክ ከሚበቃው እርጥበት እንኳ እጅግ ያነሰ ይበቃዋል።

በመሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ ግማሹን ጎን ብቻ ወልውሎ ሲደርቅ ወደ ሌላው መሻገር ተገቢ ነው፤ ሰው የሚያልፍበት ደረቅ መንገድ ሁልጊዜ መኖር አለበት። ማስጠንቀቂያ ሰሌዳው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይቁም፤ ሰሌዳ ከሌለ ሌላ ሠራተኛ ቆሞ ሰውን ያሳልፍ። ውኃው ወደ ኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ገመድ ከደረሰ ደግሞ ኃይሉ ከቆጣሪው ሳይቋረጥ ማንም እግሩን አያስገባ።

የሽንት ቤትና የወጥ ቤት መወልወያ አይዋዋሱ፤ እጀታቸው ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ጨርቅ ማሰር ለመለየት በቂ ነው። ባልዲ ውስጥ ተነክሮ ያደረ መወልወያ ስለሚሸትና በማግስቱ ያንኑ ሽታ ወለሉ ላይ ስለሚያዳርስ፣ ከሥራ በኋላ ታጥቦና ተጨምቆ፣ መሬት ሳይነካ አየር በሚያገኝበት ቦታ ይሰቀል።