ባዛር ከመግባታችሁ በፊት ኦንላይኑን ሞክሩ

ገላንና ሰበታ አካባቢ ወርክሾፕ ያላችሁ፣ ለባዛር ቦታ ኪራይና ለጭነት መኪና ብር ከማውጣታችሁ በፊት የኦንላይን የንግድ ትርኢት ሞክሩ። ትልቁ የቻይና ካንቶን ፌር እንኳ በሰኔ 2012 ሙሉ በሙሉ በኦንላይን ተካሂዷል። ሰዓቱን ግን አስሉ፤ ካንቶን ፌር በሚዘጋጅባት በጓንዡ ከተማ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን እኛ ጋ ገና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ላፕቶፑንም ፓወር ባንኩንም ማታውኑ ቻርጅ አድርጉ (መብራቱን ታውቁታላችሁ!)፤ ዋይፋዩ ሲቋረጥ በስልክ ዳታ ቀጥሉ። የዕቃውን ፎቶ በቀን ብርሃን አንሱ። ዋጋውን፣ ዝቅተኛውን የትዕዛዝ መጠንና የማስረከቢያ ጊዜውን ደግሞ በአንድ ገጽ ፒዲኤፍ አዘጋጁ፤ ገዢ ቻት ላይ ቶሎ የሚጠይቀው እሱን ነው። ቆዳና ጨርቅ በስክሪን አይዳሰስም፤ የምር ለሚጠይቅ ገዢ ናሙና በፖስታ ላኩለት።