ለቡድን የተራራ ጉዞ ከመክፈላችሁ በፊት፦ «ከኋላ የሚሄደው ማን ነው?»

ማስታወቂያው በቴሌግራም ደርሷችኋል፣ ፎቶው አምሯል፣ የቴሌብር ቁጥሩም ተቀምጧል። ብሩን ከመላካችሁ በፊት ለአዘጋጆቹ አንድ ጥያቄ ጻፉላቸው፦ ከሁሉም ኋላ የሚሄደው ማን ነው? አንድ ሰው ጠቅሰው ከነገሯችሁ ተመዝገቡ። «ኧረ ሁላችንም አብረን ነን» ካሏችሁ ሌላ ቡድን ፈልጉ። ተራራ ላይ አርባ ሰው አብሮ አይሄድም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጎረምሶቹ ፊት ፊት ብለው ይጠፋሉ፣ ጨዋታ የያዘው መሐል ላይ ይሰበሰባል፣ ጫማው የጠበበውና ትንፋሽ ያጠረው ደግሞ «እናንተ ሂዱ፣ እደርስባችኋለሁ» እያለ ይቀራል።

እኔ ለገሃር አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። እሑድ ግን የተራራ ጉዞ ቡድናችን ደጀን ነኝ፤ ከመጨረሻው ሰው ኋላ የምሄደው እኔ ነኝ። በእንግድነት አብሬው በወጣሁ ሌላ ቡድን ውስጥ አንዲት ልጅ ቁልቁለት ላይ ጉልበቷን አሟት ቁጭ ስትል፣ መሪው ምሳ ቦታ ደርሶ ነበር። ኔትወርክ የለም፣ ልጅቷ መቅረቷን የሚያውቅም የለም። ሁለት ሆነን ደግፈን አወረድናት። ጥያቄውን አጥብቄ የማስጠይቃችሁ ለዚህ ነው።

ሌሎቹ ጥያቄዎች አጫጭር ናቸው። ክፍያው መኪናን፣ ምሳንና መግቢያን ይጨምራል ወይ? ስንት ሰዓት በእግር ይኬዳል? ስንት ሜትርስ ይወጣል? «ቀላል ነው» የሚለውን መልስ አትቀበሉ፤ ሰዓቱንና ሜትሩን ይንገሯችሁ። ጾመኛ ከሆናችሁ ወይም የሙስሊም ምሳ ከፈለጋችሁ ስትመዘገቡ አሳውቁ፤ ተራራ ላይ ምሳ ቅያሬ የለውም። እሑድ ቅዳሴ የማይቀርባችሁ ደግሞ ቅዳሜ የሚወጣ ቡድን ፈልጉ።

ለመጀመሪያ ጉዞ እኔ የምመርጥላችሁ መናገሻ ሱባን ነው። ከሜክሲኮ በጦር ኃይሎች፣ በአየር ጤናና በዓለም ገና አድርጎ ከሰበታ አለፍ ብሎ ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የጥድ ዘር ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው አስተከሉት የሚባለው ደን እሱ ነው። ጥዱና ዝግባው ጥላ ይሰጣችኋል፣ ጉሬዛ ከራሳችሁ በላይ ይዘላል፣ ዕድለኛ ከሆናችሁ የምኒልክ ድኩላ መንገድ ሲያቋርጥ ታያላችሁ፤ ከደከማችሁም ከመንገድ መመለስ ይቻላል። ከደኑ በላይ ያለው የወጨጫ ጫፍ ከ3,300 ሜትር ያልፋል፤ እሱን ለሁለተኛው ጉዞ አቆዩት። ዝቋላም እንደዚሁ ይቆይ። ዝቋላ ስትሄዱ ጫፉ ላይ ሐይቁና የአቦ ገዳም ስላሉ ሴቶች ነጠላና ረጅም ቀሚስ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ንግሥ ስለሆነ ቦታው በምእመናን ይሞላል፤ እነዚህን ቀናት ለበዓሉ ተዉለት።

አቅማችሁን ለማወቅ ሌላ ቦታ መሄድ አያስፈልግም። ከጉዞው ሳምንት ቀደም ብሎ ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም በእግር ውጡ። እያወራችሁ ከወጣችሁ ደህና ናችሁ፤ ማውራት ካቃታችሁ ፍጥነታችሁን ቀንሱ። ስትመለሱ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ካጋጠሟችሁ ልብ ብላችሁ እዩ። እርምጃቸው አጭር ነው፣ ጉልበታቸው ሁልጊዜ ትንሽ ታጥፏል፣ ተረከዛቸውን መሬት ላይ አይደበድቡም። ቁልቁለት የሚወረደው እንደዚያ ነው። ሰውን ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ነው የሚጎዳው፤ ከኋላ ሆኜ የማየው ጉልበት ሁሉ የሚታመመው ከምሳ በኋላ ነው።

አዲስ አበባ መኖር በራሱ ያግዛችኋል። የከተማው መሐል 2,300 ሜትር ያልፋል፣ ስለዚህ ሳንባችሁ ለከፍታ እንግዳ አይደለም። ከድሬዳዋ፣ ከአዳማ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ይዛችሁ ከሆነ ግን በመጣ ማግሥት ተራራ አታውጡት፤ ጥቂት ቀን ይረፍ። አስም ያለበት ሰው መድኃኒቱን በራሱ ኪስ ይያዝ፣ መኪና ውስጥ እንዳይተው፤ ለደጀኑም ይንገር።

አሁን ጫማ። ውድ መሆን የለበትም፤ ከመርካቶ የተገዛ ያገለገለ ጫማም ሶሉ ጥርስ ካለውና ካላንሸራተተ ይበቃል። በጉዞው ቀን ግን አዲስ ጫማ አታድርጉ፤ ሁለት ሳምንት ሥራ እየሄዳችሁበት አለማምዱት። የእግር ጥፍራችሁን ከዋዜማው በፊት ቁረጡ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ደግሞ ቁሙና ማሰሪያውን ፍቱ። ተረከዛችሁን ወደ ኋላ ገፍታችሁ መሬት ምቱ፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚት አካባቢ ያለውን አጥብቃችሁ፣ የጣቶቹን ላላ አድርጋችሁ መልሳችሁ እሰሩ። ይህን ያላደረገ ሰው ጣቱ በየእርምጃው የጫማውን አፍንጫ እየመታ ይወርዳል፤ ማታ ጥፍሩ ይጠቁራል።

ጂንስ ሲረጥብ ስለሚከብድና ቶሎ ስለማይደርቅ ቤት ይቅር። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት ወደ 6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ መስቀል አደባባይ ላይ በቂ የነበረው ሹራብ ወጨጫ ጫፍ ላይ አይበቃም፤ ነፋስ የሚከለክል ጃኬት ጨምሩ። ፀሐዩ ግን ላይ ሲወጡ ይብሳል፣ ባርኔጣ ያዙ። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ጭቃው ያንሸራትታል፤ ለጀማሪ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል።

ውኃ ለአንድ ሰው ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ። ምግብን በተመለከተ ብስኩት አትታመኑ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በማር የተበጠበጠ በሶ፤ በሶው ጾምም ፍስክም አይመርጥም፣ ዳገት ላይ ደግሞ ልብ ይሞላል። ሶፍት ያዙ፤ የተጠቀማችሁበትንና የምግብ መጠቅለያውን ይዛችሁ የምትመለሱበት ባዶ ፌስታልም ጨምሩ።

ብዙ ቡድኖች ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከስታዲየም ወይም ከብሔራዊ ቴአትር አንበሳ ፊት ለፊት ይነሳሉ። ታላቁ ሩጫ በሚሮጥበት የኅዳር እሑድ ስታዲየም አካባቢ መንገድ ስለሚዘጋ፣ መነሻው መቀየሩን በዋዜማው አረጋግጡ። ሩብ ሰዓት መዘግየት ቀላል ይመስላል፣ ግን በጥቅምትና በኅዳር ጀንበር ወደ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ጠዋት የተበላችው ደቂቃ የምትከፈለው ጫካ ውስጥ በምሽት ነው፣ ከፋዩም የኋላው ሰው ነው።

የምናልፍበት የሰው ደጅና የሰው ማሳ ነው። ገበሬ ስታገኙ ጠዋት «አካም ቡልተን»፣ ከሰዓት «አካም ኦልተን» በሉ፣ መንገድ ሲያሳዩዋችሁ «ገለቶማ»። ቡቃያ አትርገጡ፣ በድንበሩ ዙሩ። ውሻ ከመጣባችሁ አትሩጡ፤ ቁሙና ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ በሉ፣ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፣ እረኛውም ይጠራዋል። ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ።

ሲደክማችሁ ዝም አትበሉ። ለደጀኑ «ልረፍ» ማለት ማንንም አያስቀይምም፤ እኔ እዚያ የቆምኩት ለዚያ ነው። ሽንት ቤት ፈልጋችሁ ወደ ቁጥቋጦ ስትገቡም ቦርሳችሁን መንገዱ ዳር አስቀምጡ፤ ቦርሳ ካየሁ አልፌ አልሄድም።

ማታ ስንመለስ ቤታቸው አየር ጤና የሆነ ሰዎች መኪናው ሲቆም ዝም ብለው ይወርዳሉ። ከመውረዳችሁ በፊት ንገሩኝ። ስታዲየም ስንደርስ እንደገና እቆጥራለሁ፣ አንድ ሰው ከጎደለ ደግሞ ስልክ እስኪነሳ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም።