አልፈታ ያለ የሳይክል የኋላ ጥርስ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ካላማዳሪ መለጠፍ፣ ሰንሰለት መቀየር ማንም ቤቱ የሚሠራው ሥራ ነው። የኋላውን ጥርስ ከሞዞው (ሽቦዎቹ ከሚሰኩበት የጎማው መሃል) ላይ መፍታት ግን ብዙ ሰው ያስመርራል። በሰሜን ሸዋ ደግሞ ጥርሱ ከሌላው ቦታ የበለጠ የሚነክስበት ምክንያት አለ።

በብዙ ሳይክሎች ጥርሱ ሞዞው ላይ የሚገባው በፊሌቶ፣ ማለትም እንደ ብሎን እየዞረ ነው። ፔዳል በተረገጠ ቁጥር ሰንሰለቱ ጥርሱን ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ ይጎትተዋል። ማንም በቁልፍ ሳይነካው ራሱን በራሱ ያጠብቃል ማለት ነው። ዳገት ላይ ይብሳል፤ ከኋላ ትልቁ ጥርስ ላይ ተደርጎ በኃይል ሲረገጥ ሞዞው ላይ የሚያርፈው ጉልበት በጣም ይጨምራል። ከሸዋ ሮቢት በደብረ ሲና አድርጎ ወደ ጣርማ በር የሚወጣ ሳይክል ከ1,300 ሜትር አካባቢ ተነስቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በዚህ ላይ የክረምት ጭቃና ዝገት ይጨመርበት። እንዲህ የጠበቀ ጥርስ በንዴት አይፈታም። ሲፈታ ያየሁት በትክክለኛው መሣሪያ፣ በትክክለኛው አቅጣጫና በትዕግሥት ብቻ ነው።

ዓይነቱን ሳያውቁ መጀመር

ጥርሱ ፍሪዊል ነው ወይስ ካሴት? ፍሪዊል እንዳለ በፊሌቶ ይገባል። ካሴት ግን ሞዞው ላይ ተንሸራቶ ይገባና ከላይ በቀለበት ይታሰራል። ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። ጥርሶቹን በእጅዎ ወደ ኋላ ያዙሩና መሃል ላይ ያለውን የመፍቻ ማስገቢያ ይመልከቱ። ማስገቢያው ከጥርሶቹ ጋር አብሮ ከዞረ ካሴት ነው። ጥርሶቹ እየዞሩ እሱ ከቆመ ፍሪዊል ነው። ካሴት ከሆነ ጥርሱን በሰንሰለት መያዣ (ቁራጭ ሰንሰለት ባለው እጀታ) ይዘው ቀለበቱን ወደ ግራ ይፍቱት፣ አለቀ። ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት ፍሬን የሚይዝ ሳይክል ከሆነ ደግሞ ጥርሱ የተያዘው በቀጭን የሽቦ ቀለበት ነው፤ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ፈልቀቅ ቢያደርጉት ይወጣል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ስለ ፍሪዊል ነው።

በመሮና በመዶሻ መምታት

በየመንገዱ ዳር የሚታየው ይሄ ነው። መሮው ማስገቢያው ላይ ይደገናል፣ መዶሻው ያርፋል፣ ጥርሱ ንቅንቅ አይልም። ጥቂት ጊዜ ከተመታ በኋላ የማስገቢያው ጠርዝ ይላላጥና ትክክለኛው መፍቻ ቢመጣ እንኳ የሚይዘው ያጣል። የሞዞው ኩሽኔታም ምቱን ይቀበላል። አንዳንዱ ደግሞ ጥርሱን በሰንሰለት አስሮ ወደ ግራ ይጎትታል። ይህም ከንቱ ድካም ነው፤ ፍሪዊል ወደዚያ አቅጣጫ በነፃ ስለሚዞር ፊሌቶው ጋ የሚደርስ ጉልበት የለም።

የሚመስል መፍቻ መጠቀም

ትልቁ ጥፋት እዚህ ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው። የፍሪዊል መፍቻ ብዙ ዓይነት ነው። ባለ ሁለት ጥርስ አለ፣ ባለ አራት አለ፣ ዙሪያውን በሙሉ የተጠረበም አለ። «ጋሼ፣ ይሄኛውም እኮ ገባ» ይላል የሚረዳዎት ልጅ። መግባቱ ብቻ አይበቃም። መፍቻው እስከ ታች መድረስ አለበት፣ ሲያወዛውዙትም መላወስ የለበትም። ብዙ ጊዜ የሚያግደው አክሱሉ ላይ ያለው ዳዶ ወይም ቀለበት ነው፤ መጀመሪያ እሱን ይፍቱ።

መፍቻው ልክ ሲቀመጥ የአክሱሉን ዳዶ መልሰው ከላይ ያስሩበት። መፍቻው እንዳያመልጥ የሚይዘው ይህ ዳዶ ነው። ብዙ ሰው ይህን ይዘላል። ያልታሰረ መፍቻ ጉልበት ሲበዛበት ወደ ላይ ይነሳና ማስገቢያውን ልጦ ይወጣል። ባለ ሁለት ጥርሱ በተለይ አንዴ ካመለጠ ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም።

በአጭር ቁልፍ መታገል

በአጭር ቁልፍ እየዘለሉ መርገጥ ቁልፉንም እግርንም ይጎዳል። ሞርሳ ያለው ጋራዥ ካለ እዚያ ይሂዱ። መፍቻውን ሞርሳው ላይ አጥብቀው ያስሩና ጎማውን ጥርሱ ወደ ታች ሆኖ ከላይ ያስቀምጡበት። ከዚያ ቸርኬውን በሁለት እጅ እንደ መኪና መሪ ይዘው ወደ ግራ ያዙሩት። ላስቲኩን ከቸርኬው አያውልቁ፣ አየሩንም አያስተንፍሱ፤ እጅ ጥሩ አድርጎ የሚይዘው እሱን ነው። ቸርኬው ራሱ ረጅም ዘንግ ስለሆነ አንድ ሰው በቂ ነው። ካቃተ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ሆኖ ይያዝ። ሞርሳ ከሌለ ቁልፉ ላይ ረጅም ቱቦ ማስገባት ይቻላል፤ አጎታተቱ ግን ቀስ እያለ የሚጨምር ይሁን እንጂ በድንገት አይሁን።

ጥርሱ ሲለቅ ቋ ብሎ ይሰማል። እዚህ ጋ ወዲያው ያቁሙ። ከላይ ያሰሩትን ዳዶ ፈታ ሳያደርጉ ማዞር ከቀጠሉ ጥርሱ ወደ ውጭ ሲወጣ ዳዶው ያግደዋል፣ አክሱሉም ሊጎዳ ይችላል። ትንሽ ፈታ፣ ትንሽ ዞር፣ እንደገና ፈታ እያሉ ያውጡት።

ዘይቱን አፍስሶ ወዲያው መጀመር

የዛገ ከሆነ ሰርሳሪ ዘይት ይረዳል። ቦታው ግን ጥርሱ ላይ አይደለም። ጎማውን በጎኑ ያስተኙና ከሽቦዎቹ በኩል ፍሪዊሉና ሞዞው የሚገናኙበት ስንጥቅ ውስጥ ጠብ ያድርጉ፤ ከዚያ ገልብጠው ከመሃሉ ይድገሙ። ያሳድሩት። የደብረ ብርሃን ብርድ ዘይት ያወፍራል፣ ስለዚህ ጎማውን ደጅ አያሳድሩት፣ ቤት ያስገቡት። ዘይቱ ኩሽኔታው ጋ ደርሶ ግሪሱን ሊያጥበው ስለሚችል በኋላ ግሪሱን ይቀይሩ።

በእሳት ማሞቅ

ብረት ሲሞቅ ይለቃል የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ይገለበጣል። ሞዞው አሉሚኒየም ከሆነ ከብረቱ ጥርስ የበለጠ የሚሰፋው እሱ ነው። ሞዞው ደግሞ ከውስጥ ነው ያለው። ሁለቱ አብረው ሲሞቁ ይበልጥ ይጠባበቃሉ። ግሪሱም ይቀልጣል።

ሽቦዎቹን ቀድሞ መፍታት

ቸርኬ ሊቀይር የተነሳ ሰው ሽቦዎቹን በሙሉ ፈትቶ ሞዞውን ባዶውን ይዞ ይቀርና ጥርሱን በምን ያዙረው? ማዞሪያው ቸርኬው ነበር። ጥርሱ ይቅደም፣ ሽቦው ይከተል።

ማስገቢያው ከተላላጠ

የመጨረሻው አማራጭ ፍሪዊሉን መበተን ነው። ፊቱ ላይ ሁለት ቀዳዳ ያለው ቀለበት በተቃራኒው የሚፈታ ነው፤ ወደ ቀኝ። ይህን ሳያውቁ ወደ ግራ የሚመቱት ያጠብቁታል። ሲከፈት ጥቃቅን ኳሶች ስለሚረግፉ ከታች ጨርቅ ያንጥፉ። የቀረውን አካል ሞርሳው ላይ ነክሰው ጎማውን ወደ ግራ ያዙሩ። ያ ፍሪዊል ከዚያ በኋላ ለምንም አይሆንም።

ያለ ግሪስ መግጠም

አዲሱን ሲገጥሙ የሞዞውን ፊሌቶ በጨርቅ አጽድተው ግሪስ ይቀቡት። የተለመደው የፊሌቶ ልክ ወርዱ 1.37 ኢንች ሆኖ በአንድ ኢንች ውስጥ 24 የፊሌቶ ዙር ያለው ነው፣ ፊሌቶውም ቀጭን ስለሆነ በቀላሉ ይጣመማል። በእጅ ብቻ ይጀምሩ። ሁለት ሦስት ዙር ሳይከብድ ካልሄደ ያውጡና እንደገና ያስገቡ እንጂ ቁልፍ አያንሱ። ሲገባ በእጅ ጠበቅ ካለ ይበቃል፣ ቀሪውን ፔዳሉ ያጠብቀዋል። በመጀመሪያው ዳገት ጥርሱ ትንሽ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ማርሽ ያለው ሳይክል ከሆነ ማስተካከያውን ከዚያ በኋላ ይዩት።