ልጄ በጊዜ መተኛት የጀመረችው እንዲህ ነው

ከጎንደር ፒያሳ ሥራ ውዬ አዘዞ ቤቴ የምደርሰው ማታ 1 ሰዓት ነው። የ4 ዓመቷ ልጄ እስከ 5 ሰዓት ዓይኗን አትከድንም ነበር። ጠዋት ስቀሰቅሳት ስታለቅስ አንጀቴን ትበላዋለች።

ችግሩ የማታ መስሎኝ ነበር። ለካ ቀን እናቴ ጋ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ትተኛለች! በዚህ ዕድሜ የቀኑ ተደምሮ የሚያስፈልጋት እንቅልፍ ከ10 እስከ 13 ሰዓት ነው። "እማዬ፣ 9 ሰዓት ላይ ቀስቅሺልኝ" አልኳት። "የተኛ ልጅ አይቀሰቀስም" ብላ ተቆጣች። በስንት ልመና እሺ አለች።

ማታ ቴሌቪዥን ይጠፋል፣ እግሯን ትታጠባለች፣ አንድ ተረት ብቻ። መኝታዋን በየ3 ቀኑ በ15 ደቂቃ ቀደም አደረግነው። በወሩ 2 ሰዓት ተኩል ላይ እንቅልፍ ይወስዳት ጀመር። ቤት የምትውለው እህቴም ይህንኑ ከትናንት ጀምራለች።